የተነበበው የሕይወት ታሪክ ቲቸርን አይመስልም፤ የምታውቋቸው አግዙኝ

የደባርቅ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ደባርቅ አንደኛ ደረጃ የተማራችሁ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ስም አልጠራም፣ ቤተሰቡ ስማቸው በየሶሻል ሚዲያው እንዲዞር አልፈለገም። ግን «ዋልያዋ» ካልኩ የሚያውቅ ያውቃል። አራተኛ ክፍል ሳይንስና ሒሳብ ያስተማሩን፣ ነጠላ ደርበው ሸራ ጫማ የሚያደርጉት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ማዳበሪያ ከረጢት አንጠልጥለው የሆነ አገር የሚጠፉት ቲቸር። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ አረፉ። ነፍስ ይማር።

ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ሕዝቡ ከግቢው ተርፎ መንገድ ላይ ቆሟል። ከዚያ የሕይወት ታሪክ ተነበበ። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ከአባታቸው ከእገሌ ከእናታቸው ከእገሊት ተወለዱ፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ተማሩ፣ በመምህርነት በቅንነት አገለገሉ፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። አለቀ። ያነበበው ሰውዬ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። አጠገቤ የቆመው አብሮ አደጌ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ «ይሄ የማነው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ስሙን ቀይራችሁ ለሌላ ሰው ብታነቡት ማንም አይነቃም።

አሁን ሙት ዓመታቸው ሊደርስ ነው። ቤተሰቡ አንዲት ትንሽ መጽሔት ብናዘጋጅ ደስ ይለዋል፣ የመጻፉ ነገር ደግሞ እኔ ላይ ወድቋል። እኔ ግን የማውቀው የራሴን አንድ ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ የምታስታውሱትን ጻፉልኝ። «ደግ ነበሩ፣ እናት ነበሩ» አትበሉኝ፣ እሱን ቀብሩ ላይ ጠግበናል። ምን አደረጉ? ምን አሉ? ምን በላችሁ? እሱን ንገሩኝ።

የኔን ላስቀድም። 1986 ይመስለኛል፣ ሳንቃ በር ይዘውን ወጡ። ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ያለው ካምፕ ነው፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያልፋል። የሄድነው ጭነት መኪና ላይ ተጭነን ነው፣ ዛሬ ይሄን የሚፈቅድ ወላጅ የለም። ጭላዳ ዝንጀሮ ልናይ ነው ብለን ነበር የሄድነው። አየንም፤ መቶ ምናምን ሆነው ሣሩን ይነጫሉ፣ ሰው መጣ አልመጣ ግድ የላቸውም። ቲቸር ግን ከከረጢታቸው ድስትና ድንች አወጡ። እሳት ነደደ፣ ውሃው ፈላ፣ ድንቹ ገባ። ጠበቅን፣ ጠበቅን። ውሃው ይንተከተካል፣ ድንቹ ግን ንክች አላለም።

«ውሃው ፈልቷል አልፈላም?»
«ፈልቷል!»
«እሳቱስ?»
«አለ!»
«ታዲያ ድንቹ ምን ሆነ?»

አንዱ ልጅ «ሰይጣን ይዞት ነው» አለ። ቲቸር አልሳቁም። «ጥሩ፣ ጻፈው። እሱንም እናጣራለን» አሉት። መልሱን የነገሩን በሳምንቱ ክፍል ውስጥ ነው። ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ውሃው ገና 90 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ብታነዱትም አይሞቅም፣ ድንቹም ቶሎ አይበስልም። ደባርቅ ራሷ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እናቶቻችን የባቄላ ንፍሮ ሲጥዱ ለምን ቀኑን ሙሉ እንደሚቆዩ ያን ጊዜ ገባኝ። ያን ቀን ጥሬውን ድንች በጨው በልተን ነው የተመለስነው።

ሌላው ጥያቄዬ ከበድ ይላል። ቲቸር ለብዙ ልጅ ደብተር፣ ጫማ፣ የቤት ኪራይ ከፍለዋል። ከነዚያ ልጆች ዛሬ ትልቅ ቦታ የደረሱ አሉ። ይሄ ይጻፍ? ስማቸውስ? ደግሞ ትንሽ ገንዘብ ተዋጥቷል። ግማሹ መቃብራቸው ላይ ሐውልት እንሥራ ይላል፣ ግማሹ ሌላ ይላል። ሐሳብ ስጡኝ።

ሊማሊሞ

«ዋልያዋ» የሚለውን ስም ያወጣንላት እኛ ነን። እናንተ በሰማንያዎቹ የደረሳችሁት ለአሮጌዋ ነው። እኛ ከአብዮቱ በፊት ስንማር ገና ከማሠልጠኛ የወጣች ልጅ ነበረች፣ ከኛ ትልልቆቹ ተማሪዎች በብዙ አትበልጥም። ስለዚህ «እሷ» ብላት አትቆጡኝ።

ያኔ ከጎንደር አስመራ አውቶቡስ ነበር፣ በደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን ወርዶ፣ በሽሬ አድርጎ። እሷ አንድ ክረምት በሱ ተሳፍራ አስመራ፣ ከዚያ ምጽዋ ገባች። ብቻዋን፣ ሴት ልጅ፣ በዚያ ዘመን! ከተማው ሁሉ አወራባት። መስከረም ላይ ስትመለስ አንድ የአረቄ ጠርሙስ ይዛ ክፍል ገባች። «ይሄ ባሕር ነው» አለች። አሰለፈችን፣ በየመዳፋችን አንድ አንድ ጠብታ አደረገችና «ቅመሱ» አለችን። ይጎመዝዛል። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ አሞሌ ሟምቶበት ነው» አለ። «ሂድና አጣራ» አለችው።

ልጁ እኔ ነኝ። ያጣራሁት ጎልማሳ ሆኜ፣ ለሥራ ጅዳ የሄድኩ ጊዜ ነው። ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ ጣቴን ባሕሩ ውስጥ ነከርኩና ላስኩት።

ሊማሊሞን ደግሞ በእግር አውርዳናለች። ጣሊያን በሠራው የመኪና መንገድ እንዳይመስላችሁ፣ ነጋዴ በቅሎ በሚነዳበት በድሮው አቋራጭ ነው። መሀል ላይ ጉም መጣ። ጉም ስላችሁ የፊትህን ሰው ጀርባ አታይም፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ገደል ነው። ከበቅሎ ነጂዎች ጠፍር ተዋሰች፣ ሁላችንም በአንድ እጃችን ያዝነው፣ እሷ ከፊት ሆና በየተራ ስማችንን እየጠራች ሄድን። ስሙ ተጠርቶ ዝም ያለ እንደሆነ ሰልፉ ይቆማል። አንድ ልጅ ሽንቱን ሊሸና ጠፍሩን ለቆ ኖሮ ዝም አለ፣ የዚያን ቀን ድምጿ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ። ስንመለስ ወላጆች ቢሮ ሄደው ጮኹ፣ እሷም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላት። ደብዳቤውን ምን እንዳደረገችው ታውቃላችሁ? ጀርባው ላይ የሒሳብ ጥያቄ ጻፈችበት።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳትረሳ። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ቆላ ወርዳለች፣ ወደ ዛሪማ በኩል። ማታ ማታ በኩራዝ እናቶችን ታስተምር ነበር። ዘመቻው ከዩኔስኮ ሽልማት አገኘ፣ እሷ ወባ ይዛ ተመለሰች።

ስንቅ ቋጣሪዋ

እኔ ከጃናሞራ ገጠር ነኝ። የገጠር ልጅ ሆኖ ከተማ የተማረ ይሄን ያውቀዋል፤ እሑድ ማታ ስንቅህን ተሸክመህ ትመጣለህ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ትንሽ በርበሬ። ከሦስት አራት ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ትከራያለህ። እስከ ረቡዕ ደህና ነው። ሐሙስና ዓርብ ነው ጉዱ። በተለይ ሴት ልጅ ከሆንሽ ሐሙስና ዓርብ ብዙ ነገር ያመጣል፣ ሁሉን እዚህ አልዘረዝረውም።

ቲቸር ይሄን አውቀውታል። ግን ጠርተው «ኑ ብሉ» አይሉም። እንደዚያ ቢሉን አንሄድም ነበር፣ የገጠር ልጅ ኩሩ ነው፣ ለማኝ አይደለም። ያደረጉት ምን መሰላችሁ፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ «ማድ ቤቴ ምድጃው ትልቅ ነው፣ እንጨት አታባክኑ፣ ሁላችሁም ያላችሁን ይዛችሁ መጥታችሁ አንድ ላይ አብስሉ» አሉን። አንዷ ሽሮ ታመጣለች፣ አንዷ ጨው፣ አንዷ ባዶ እጇን። ማን ምን እንዳመጣ አይታይም፣ ሁሉም አንድ ድስት ውስጥ ነው የሚገባው። እሳቸው ደግሞ «እስቲ ይሄም ሊበላሽ ነው» እያሉ ግማሽ ሞሰብ እንጀራ ይጨምሩበታል። ሊበላሽ ነው የሚሉት እንጀራ ገና ያኔ የተጋገረ ነው። እጃችንን ሲያቃጥለን አውቀን ዝም እንላለን።

ዛሬ ነርስ ነኝ። የኔን ጻፈው፣ ስሜንም በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ፣ አላፍርበትም። የሌላውን ግን ሳታስፈቅድ እንዳትጽፍ። እኔ ስላላፈርኩ ሌላው ማፈር የለበትም ማለት አይደለም።

ከአሽዶድ

ሰላም፣ እኔ የምጽፈው ከእስራኤል ነው። አማርኛ መናገር እንጂ መጻፍ ከተውኩ ቆይቷል፣ ታገሡኝ።

እኛ ቤተ እስራኤል ነን። ያኔ የምንጠራበትን ስም ታውቁታላችሁ፣ አልጽፈውም። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ። ቲቸር ቅዳሜ የእኛ ሰንበት መሆኑን ታውቃለች፣ እሑድ ነበር የምትመጣው፣ በእግር፣ ጀበና ልትገዛ። ጀበናው ሰበብ ነው፣ ስንት ጀበና ያስፈልጋታል? አባቴን ልጁን ትምህርት ቤት ላከው ልትል ነው። አባቴም በመጨረሻ «ይቺ ሴትዮ ቤቷን ጀበና ሞላችው፣ ሂድ» አለኝ።

ክፍል ውስጥ ቀላል አልነበረም። አንድ ልጅ ሆዱን አመመውና «እሱ በልቶኝ ነው» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ቡዳ ነው ማለቱ ነው። ክፍሉ በሙሉ ከኔ ሸሸ። ቲቸር ጠመኔዋን አስቀመጠች፣ ወደ እኔ መጣች፣ ውሃ የያዝኩበትን ቅል አነሳችና ቆማ ጠጣች። ግማሹን ያህል። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ጠርጋ «የት ነበርን? አዎ፣ ሰባት ሲባዛ በስምንት» አለች። ሌላ ቃል የለም። ለታመመው ልጅ ደግሞ በእረፍት ሰዓት ነጭ ሽንኩርት ፈልጋ ሰጠችው።

በ1976 ሚያዝያ ላይ ቤተሰቤ ሌሊት ተነሥቶ ወደ ሱዳን በእግር ጉዞ ጀመረ። ለማንም አይነገርም ነበር። መንግሥት ይከለክላል፣ የተያዘ ይታሰራል። ሱዳን ስንደርስ ኡም ራኩባ የሚባለው ካምፕ ገባን። ስለዚያ ብዙ አላወራም፣ ታናሽ እህቴ እዚያ ቀርታለች። በ1977 ኅዳርና ታኅሣሥ በአውሮፕላን ሲያጓጉዙን፣ ዘመቻ ሙሴ የተባለው ነው፣ እኛም ደረሰን።

ብዙ ዓመት ቆይቼ ደባርቅን ልጎበኝ ሄድኩ። አብሮኝ ይማር የነበረ ልጅ ሻይ እየጠጣን ነገረኝ። ከጠፋን በኋላ የቀበሌ ሰዎች ትምህርት ቤት መጥተው የስም መጥሪያውን አይተዋል፣ ከየትኛው መንደር ማን ቀረ ብለው። የኔ ስም ፊት ለፊት «ታሟል» ተብሎ ተጽፏል። በማግሥቱም «ታሟል»። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ታምሜ ነው የቀረሁት። ያ ልጅ እንዳለኝ የቀበሌው ሰውዬ «ምን ዓይነት በሽታ ነው?» ቢላት «ተላላፊ ነው፣ ባትሄድ ይሻልሃል» ብላዋለች።

እሷን ሳገኛት ጠየቅኳት። «አላስታውስም» አለችኝና ቡና አፈላችልኝ። በእናቴ ጀበና ነው የቀዳችልኝ፣ ከሥሩ ያለውን የእናቴን ምልክት አውቀዋለሁ። ይሄን ጻፈው።

እውነቱን እንነጋገር

ሁላችሁም ያላችሁት ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን ከሰው ሴትዮ ጻድቅ ልትሠሩ ነው። አርጩሜ ነበራቸው! የወይራ። እኔ እጄ ላይ ቀምሻለሁ። የማባዛት ሠንጠረዥ ያልያዘ ተንበርክኮ ነው የሚውለው። ግልፍተኛ ነበሩ፣ ከርእሰ መምህሩ ጋር ሲጨቃጨቁ ከተማው ይሰማል። በዚያ ላይ የዚያ የሊማሊሞ ጉዞ አንድ ልጅ ቢወድቅ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር። ድፍረትና ግድ የለሽነት ጎረቤት ናቸው፣ እሳቸው አንዳንዴ አጥሩን ይዘሉት ነበር። እኔ ራሴ ዛሬ የልጆች አባት ነኝ፣ ልጄን ለእንደሱ ዓይነት ጉዞ አልሰጥም። ቀብር ላይ የተነበበውን ወረቀት ባዶ ያደረገው እኮ ክፉ ነገር መጻፍ ነውር ስለሆነ ነው። ክፉውን ስታወጡ መልኩም አብሮ ይወጣል።

ደግሞ ልንገራችሁ፣ እወዳቸዋለሁ። ሰባት ሲባዛ በስምንት ሃምሳ ስድስት ነው፣ ሌሊት ቀስቅሱኝና ጠይቁኝ።

የደባርቅ ልጅ

«እውነቱን እንነጋገር» ልክ ነህ። አርጩሜውም ይገባል። እኔ ግን በኔ ጊዜ አርጩሜ አላየሁም። የተዉት መቼ ይሆን? የሚያውቅ አለ?

የአሽዶዱ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ «ድገመው» አለችኝ።

የእህቷ ልጅ

እኔ ቤቷ ያደግኩ ነኝ፣ አክስቴ ናት፣ አሳድጋኛለች። ይሄን ሁሉ ሳነብ አለቀስኩም ሳቅኩም። አርጩሜውን የተወችው በ1980 ገደማ ነው። ምክንያቱን ለኔ ነግራኛለች። አንድ ጸጥ ያለ ልጅ ነበር፣ ልትመታው እጅህን ዘርጋ ስትለው ሁለቱንም እጁን ዘረጋ፣ ወዲያው፣ ሳይጠይቅ። ቤቱ መመታት ልማዱ እንደሆነ ገባት። አርጩሜውን ሰብራ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። «ሌላው አስተማሪ ይምታ፣ እኔ በቃኝ» አለች። ቁጣዋን ግን አልተወችም፣ እስከ መጨረሻዋ ሳምንት ሐኪሙን ትቆጣ ነበር።

ስለ ገንዘቡ እኔ ልናገር፣ የውጭ ሰው ይሄን አያውቀውም። ለናንተ ደግ ነበረች። ለኛ ግን ቤቱ ያፈስስ ነበር። ክረምት ላይ አልጋችን ሥር ሳፋ ነው። እናቴ «የሰው ልጅ ጫማ ከምትገዢ ቆርቆሮሽን ቀይሪ» እያለች ስንቴ ተጣልታታለች፣ አንድ ጊዜ ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። እኔም እናደድባት ነበር፣ አሁንም ትንሽ እናደዳለሁ። ደሞዟ የአስተማሪ ደሞዝ ነው፣ ታውቁታላችሁ፣ ሃያ አምስተኛው ቀን ላይ ያልቃል። ደንበኛ ሱቅ ነበራት፣ በዱቤ ትወስዳለች፣ ወር ላይ ትከፍላለች፣ እንደገና ትወስዳለች። ጡረታ ወጥታም ቢሆን።

ባለሱቁ ሲያርፍ ልጁ የዱቤ ደብተሩን አመጣልን። እዩት ብሎ ነው፣ ዕዳ ሊጠይቅ አይደለም፣ ሁሉም ተሠርዟል። ውስጡ እንዲህ ይላል፤ «ለዝምተኛዋ፣ ኮንጎ ጫማ»። «ለዚያ ሳቂታ፣ 4 ደብተር 1 ቢክ»። «ለረጅሙ፣ ሱሪ፣ ሲያድግ እንዲሆነው ትልቅ»። «ለነዚያ ለሁለቱ፣ ላምባ»። ገጽ ከገጽ እንደዚያ ነው። አንድም ስም የለም። ባለሱቁ ስም ካልጻፍኩ ይምታታብኛል ሲላት «ዕዳው የኔ ነው፣ የኔን ስም ብቻ ጻፍ» ብላዋለች አሉ። እንግዲህ ስም ይጻፍ አይጻፍ ላልከው ይሄ ይበቃህ ይሆናል።

በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ ወደኛ ሲጠጋ ከአዲ አርቃይ በኩል የተፈናቀለው ሕዝብ ደባርቅን ሞላት። እሷ ያኔ ሰባ ዓመት አልፏታል። እንውጣ ብለን ለመንናት፣ እምቢ። ቤቱን ለአራሶች ለቀቀችና ራሷ ማድ ቤት ተኛች። ስደውልላት «አሁን ሥራ ይዣለሁ» ብላ ትዘጋብኛለች። በኋላ ስጠይቅ ሥራው ምን ኖሯል፣ ግቢው ውስጥ የተፈናቃዮቹን ልጆች ሰብስባ ታስተምራለች። ሰሌዳ የለም፣ በከሰል የግቢው ግንብ ላይ ነው የምትጽፈው። ግንቡን እስካሁን አልቀባነውም።

እና ራስ ዳሸንን ያልወጣች እንዳይመስላችሁ። ጡረታ በወጣች በዓመቱ በበቅሎና በእግር ሄዳለች፣ ከአንድ የፓርክ ስካውት (ጠባቂ) ጋር፣ የድሮ ተማሪዋ ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ ነው እሱ! ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ፊቷ ተልጦ መጣች። እንዴት ነበር ስላት «ብርድ ነው። ድንቹም አልበሰለም» አለችኝ። ያን ጊዜ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም ነበር፣ ከላይ የተጻፈውን ሳነብ ገና ዛሬ ገባኝ።

አዲስ አበባ ያለሁ መምህር

ደባርቅን አላውቃትም፣ ሴትዮዋንም አላውቃቸውም፣ ግን እኔም አንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝና ልግባበት።

ጋሽ አስፋው የምሩን የማታውቁ ካላችሁ፣ በልጅነቱ ከቡልጋ አዲስ አበባ መጥቶ ጎዳና ላይ ያደረ ሰው ነው። ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ፣ ራሱ ገና ልጅ ሆኖ፣ እዚያው አጠገብ ዛፍ ሥር የድሃ ልጆችን ማስተማር ጀመረ። እሱ ነው በኋላ አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት የሆነው። ችግረኛ ልጅ ሳይከፍል የሚማርበት ቤት ነው፣ ዱላ አይወድም ነበር። በ2001 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስዊድን የሚሰጠውን የዓለም የሕፃናት ሽልማት አግኝቷል። ያረፈው በ2013 በኛ ነው። እሱን የሚያስታውስ ትምህርት ቤት አለ፣ ስሙን የሚያውቅ የውጭ ሰውም አለ። የእናንተዋ ዓይነት ግን በየወረዳው አለች፣ ከዱቤ ደብተር በስተቀር ማስረጃ የላትም። ስለዚህ መጽሔቷን ቀላል ነገር አታድርጓት።

ከልምድ አንዳንድ ነገር ልበል። አሮጊትና ሽማግሌዎቹን «ጻፉልኝ» አትበላቸው፣ አይጽፉም። ስልክህን ይዘህ ሂድ፣ ድምፃቸውን ቅዳ፣ ያሉትን በአነጋገራቸው አውርደው። አታሳምርላቸው። ግጥም የሚልክልህ ሰው ይበዛል፣ አመስግነህ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለጥፈው፣ መጽሔቱ ውስጥ እንዳታስገባ። ያ ቀብር ላይ የተነበበው ወረቀት የሚፈለገው ለዓመተ ምሕረቱ ነው፣ መጨረሻ ገጽ ላይ በትንሽ ፊደል አድርገው። ሲታተም ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስጡ፣ ለወመዘክርም (ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) አንድ ኮፒ አድርሱ። ማን ያነበዋል እንዳትሉ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በደርግ ጊዜ ደባርቅ ላይ ምን ይበላ ነበር ብሎ የሚፈልግ ተማሪ አይጠፋም።

ገንዘቡን በአንድ ሰው ስም አታስቀምጡ። በሦስት ፈራሚ የጋራ ሒሳብ ክፈቱ፣ ወጪውን በየጊዜው ግሩፑ ላይ ለጥፉ። ጥሩ ነገር ስንት ቦታ የተበላሸው በክፋት እንኳ አይደለም፣ ደረሰኝ ባለመያዝ ነው።

ስንቅ ቋጣሪዋ

ሐውልት የሚለው ነገር ለኔ አይዋጥልኝም። ለኔ በስማቸው በዓመት አንድ ጊዜ አራተኛ ክፍልን ሳንቃ በር መውሰድ ነው። መኪና፣ የፓርክ መግቢያ፣ ስካውት፣ ድስት፣ ድንች።

እውነቱን እንነጋገር

አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ልጅ ይዞ ተራራ? እንኳን ሳንቃ በር ጎንደር ድረስ መሄድ ያሳስባል። አገር ሰላም ሲሆን እሺ። እስከዚያ ሐሙስና ዓርብን እንያዘው። ከገጠር ስንቅ ይዘው የሚመጡ ልጆች ዛሬም አሉ እኮ፣ ስንቃቸው ዛሬም ሐሙስ ያልቃል። አንድ ማድ ቤት፣ አንድ ትልቅ ምድጃ፣ ጤፉን እኛ። ማን እንደከፈለ ሳይታወቅ።

የእህቷ ልጅ

ማድ ቤቱ አለ። ቤቱን አልሸጥነውም። ቆርቆሮው ብቻ ይቀየር፣ እባካችሁ።

የደባርቅ ልጅ

እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። ከተዋጣው መጀመሪያ ቆርቆሮው ይቀየራል፣ ከዚያ የሐሙሱ ድስት ይጀመራል። ሐውልት ያላችሁ ቅር አይበላችሁ፣ የግንቡን የከሰል ጽሑፍ ዝናብ እንዳያጥበው ከላይ ክዳን እናደርግለታለን፣ እሱን እንደ ሐውልት ቁጠሩት። ሳንቃ በር ለሰላሙ ጊዜ ይቆየን። የሰው ስም አይጻፍም፣ ራሱ ፈልጎ ስሜን ጻፉ ካላለ በቀር። «ለዝምተኛዋ»፣ «ለረጅሙ» እያልን እንደ ዱቤ ደብተሩ እንሄዳለን።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ ፎቶ። ሳንቃ በር በሄድን ጊዜ አንድ የፓርክ ሠራተኛ ካሜራ ነበረው፣ ሁላችንንም ድስቱ ዙሪያ አሰልፎ አንስቶናል። ቤታችሁ ፈልጉልኝ። በስልክ አንስታችሁ ከላካችሁልኝ ይበቃል፣ ፍሬሙን ብቻ አውጡት፣ መስተዋቱ ያብረቀርቃል።

የጭነቱ ሹፌር ልጅ

ፎቶው እኛ ቤት አለ፣ አባቴ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። እልክልሃለሁ። ቲቸር ግን ፎቶው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚታዩት፣ እሳቱን እየቆሰቆሱ። «ሰይጣን ይዞት ነው» ያለው ልጅ ደግሞ ሙሉ አፉን ከፍቶ ነው የወጣው፣ ዛሬ አቃቤ ሕግ ነው፣ እሱንም አስፈቅዱት።